ጣትህን ከሞተሬ ላይ አንሳ

«ጋሼ፣ መኪናዎ ቢሰረቅ እኮ ቤትዎ ቁጭ ብለው በአንዲት መልእክት ሞተሩን ማጥፋት ይችላሉ!»

«ልጄ፣ የእኔ መኪና ማንም መልእክት ሳይልክላት በራሷ ጊዜ ነው የምትጠፋው።»

«ቢያንስ የት እንዳለች ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ጋራዥ ናት።»

«ሌባ ቢወስዳትስ?»

«ቀበና ዳገት ላይ ቆሞ ይደውልልኛል። ‹ጋሼ፣ ይቺን ነገር እንዴት ነበር የሚያስነሷት?› ይለኛል። ያኔ እንነጋገራለን።»

ሻጩ ትዕግሥተኛ ልጅ ነው። ሥራው ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ከሱ በኋላ ሰው ሁሉ ስለዚህ ከሩቅ ሞተር ስለሚያጠፋ ዕቃ ሲያወራ ሰማሁና ምላሴ በላኝ። አንዱ «ሌባ አለቀለት» ይላል። አንዱ «እንቅልፌን አገኘሁ» ይላል። እንቅልፍህን ያገኘኸው አንተ ነህ እንጂ ሌባው መቼ ተኛ? እስቲ አንድ በአንድ እንመላለስ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ፤ ዕቃውም ከዚያው ነው የመጣው።)

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። ኤሌትሪሻኑ ከመሪው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ይፈታል። ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ሳጥን ያወጣል። ቀዩን ሽቦ ከባትሪ፣ ጥቁሩን ከቦዲ ያገናኛል። ከዚያ ወደ ነዳጅ ፓምፑ የሚሄደውን ሽቦ ይፈልግና በጥርሱ የያዘውን መቁረጫ አውርዶ ቀጭ! መሃሉ ላይ ሪሌ ይገባል፣ በጥቁር ፕላስተር ይጠቀለላል፣ ፕላስቲኩ ይመለሳል፣ አንድ ብሎን ይተርፋል። ብሎኑን ኪሱ ከትቶ «አያስፈልግም» ይልሃል። ሪሌው ትእዛዝ ሲደርሰው ለፓምፑ የሚሄደውን መብራት ያቋርጣል፣ ሞተሩ ነዳጅ ያጣል፣ ያስላል፣ ይጠፋል። እንግዲህ ልብ በል፤ የመኪናህን ሽቦ መጀመሪያ የቆረጠው ሌባው አይደለም፤ ከሌባ ላድንህ ያለው ሰው ነው።

«በጣም ቀላል ነው፤ ውስጡ ሲም ካርድ አለው።»

አለው። ስለዚህ ካሁን በኋላ ነዳጅ ብቻ አይደለም የምትሞላላት፤ ካርድም ትሞላላታለህ። ሌባው አንድ ቀን ሌሊት ይነሳል፣ አንተም ከአልጋህ ዘለህ ትነሳለህ፣ ስልክህን ታነሳለህ፣ መኪናህ ጋ ትደውላለህ። ያቺ ድምፀ መልካም ሴትዮ ደንበኛው ጥሪ እንደማይቀበል በሦስት ቋንቋ ታስረዳሃለች። መኪናህ ሂሳብ ጨርሳ ሲሟ ተዘግቷል። ሌባው ጨዋ ከሆነ ሃምሳ ብር ይሞላላታል።

«የምሥጢር ቁጥር አለው፤ ማንም ዝም ብሎ አያጠፋውም።»

ይቺን ይወዳል! ገበያውን ያጥለቀለቁት ርካሾቹ የቻይና ሳጥኖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የምሥጢር ቁጥራቸው 123456 ነው። በታወቀ አንድ ሞዴል ላይ ‹አቁም› የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃልና ይህንኑ ቁጥር አጣብቀህ ብትልክ ሞተሩ ይጠፋል። ሰው ገዝቶ፣ አስገጥሞ፣ ተመርቆለት፣ ቁጥሩን ግን አይቀይረውም። ሌባው እስከ ስድስት መቁጠር ከቻለ አለቀልህ። ቀልድ እንዳይመስልህ፤ በ2019 አንድ ሰርጎ ገብ ይህንኑ ቁጥር ይዞ ሁለት የመኪና መከታተያ መተግበሪያዎች ላይ ቢሞክር በሺዎች የሚቆጠሩ የደንበኞች አካውንቶች ተከፈቱለት። በተለያዩ አገሮች መንገድ ላይ ያሉ ሰዎችን መኪና ማጥፋት እችል ነበር ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። አላጠፋም፤ እግዜር ይስጠው። እኛ ጥበቃ የምንለው ነገር የአንድ የማያውቁት ሰው ጨዋነት ሆኖ አረፈው።

በ2022 ደግሞ ቢትሳይት የተባለ የደኅንነት ኩባንያ ማይኮደስ የሚባል አምራች በ20 ዶላር አካባቢ በሚሸጠው ሳጥን ላይ ስድስት ቀዳዳ አገኘ። ኩባንያው የአምራቹ ዕቃዎች 1.5 ሚሊዮን ያህል ተሸከርካሪ ላይ፣ 169 አገር ውስጥ ተገጥመዋል አለ። የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር መሥሪያ ቤትም ማስጠንቀቂያ አወጣ። በቀዳዳው የገባ ሰው መኪናው የት እንደሚያድር ያያል፣ ቢያሻው ነዳጁን ይቆርጣል። «አጥር አጠርኩ» ስትል በር ከፍተህ ነበር ማለት ነው፤ ያውም 20 ዶላር ከፍለህ።

አንድ ወዳጄ ይህን ብነግረው «የኔ እንደሱ አይደለም፣ የኔ ኦሪጅናል ነው» አለኝ። ሶማሌ ተራ ገብቶ «ኦሪጅናል አይደለም» ያለህ ነጋዴ አጋጥሞህ ያውቃል?

«ደህና፣ ቁጥሩን ቀየርኩ። እንግዲህ ሌባው በመቶ እየበረረ ሳለ ድርግም!»

ኧረ በመድኃኔዓለም! መኪናው ውስጥ ሌባው ብቻ ነው ያለው፤ ከመኪናው ፊት ግን ልጇን አዝላ የምትሻገር እናት አለች። ሞተር ሲጠፋ የሚጠፋው ሞተር ብቻ አይደለም። መሪውን የሚያቀልለው ጉልበት ይሄዳል፤ መሪው ይከብዳል። ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ ከሞተሩ ነበር ትንፋሹን የሚያገኘው፤ አንድ ሁለቴ ስትረግጠው የቀረውን ይጨርስና ሦስተኛው ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። የአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ ይህን ብታደርግ መኪናህን አላዳንክም፤ መኪናህን ወረወርክ። ያውም ሊብሬው በስምህ እንዳለ።

ስለዚህ ረጋ ያሉት አምራቾች አንድ ደንብ አላቸው፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ካልወረደ ሪሌው አይቆርጥም። ይህ ደንብ ሌላ አገር ሌባውን ብዙ ያስኬደው ይሆናል። አዲስ አበባ ግን ምን ችግር አለ? በ11 ሰዓት መገናኛ ላይ ከ20 በላይ የሚሄድ ነገር ካየህ ሞተር ብስክሌት ነው፤ ያለዚያም የሆነ ሰው ስልክ ነጥቆ እየሮጠ ነው። ሌባው መኪናህን ይዞ ከቦሌ ሲኤምሲ ለመድረስ ሲጣጣር አንተ በእግርህ ደርሰህ መስኮቱን ታንኳኳለህ። የምን ሪሌ? ተራ አስከባሪው ራሱ ያስቆመዋል።

አሁን ደግሞ አንድ ቀን ልክ ነገር ስለሠሩት ሰዎች ልንገርህ፤ ተረበኛ ነኝ እንጂ ጨለምተኛ አይደለሁም። የጀነራል ሞተርስ ኦንስታር የተባለው አገልግሎት በ2007 አንድ ነገር አስተዋወቀ፤ ከ2009 ሞዴል ጀምሮም መኪና ላይ ገባ። ሞተሩን ድርግም አያደርገውም። ጉልበቱን ቀስ እያለ ይቀንስበታል፤ ሌባው ነዳጅ ቢረግጥ ቢረግጥ መኪናው አልሰማህም ይለዋል። መሪውም ፍሬኑም ግን ይሠራሉ። ዋናው ግን እሱ አይደለም። ዋናው ስንት ሰው እንዲስማማ መጠየቁ ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ለፖሊስ ማመልከት አለበት። ድርጅቱ መኪናውን በሳተላይት ይፈልጋል። ፖሊሱ ደርሶ በዓይኑ አይቶ «አዎ፣ ራሱ ነው፣ መንገዱም ይመቻል» ማለት አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ምልክቱ የሚላከው። ባለቤቱ ተናዶ ብቻውን አይጫነውም፤ ፖሊሱም ቁልፉ እጁ ላይ የለም፤ ድርጅቱም ሳይጠራ አይገባም። ሦስት እጅ ነው።

በጥቅምት 2009 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቫይሴልያ በምትባል ከተማ ሌሊት አንድ ሰው መሣሪያ ደግኖ የሰው ሼቭሮሌት ታሆ ነጠቀ። ተከታተሉት፣ ፖሊስ አየው፣ ማሳደድ ተጀመረ። ምልክቱ ተላከ፣ ታሆው ደከመው፣ ቆመ። ሰውየው በሩን በርግዶ ሮጠ፤ አጥር ዘለለ፤ ሰው ግቢ ውስጥ ያለ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ጧ! መኪናው በሬዲዮ ቆመ፤ ሌባው በውኃ ቆመ። ማንም አልተጋጨም። እንደዚህ ያለውን ታሪክ የሰማ ፖሊስ ሁሉ «ለእኛም!» ቢል አይፈረድበትም። እኛ ሰፈር ግን ይህ ቢሆን ሌባው የሚገባው የመንገድ ሥራ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ለማውጣት ደግሞ ሦስት መሥሪያ ቤት መጻጻፍ አለበት።

«እኛም አገር እኮ ፖሊስ አለ።»

አለ እንጂ! ግን አንተ የገዛኸው ሳጥን ፖሊስን አያማክርም። የገዛኸው የአንድ አውራ ጣት ሥልጣን ነው፤ ያም አውራ ጣት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእንቅልፍ ልብ፣ በንዴት፣ ምናልባትም ከሁለት ቢራ በኋላ ነው የሚሠራው። መኪናዋን ይዞ የወጣው የሚስትህ ወንድም ቢሆንስ? «ሌባ!» ብለህ አጠፋህበት፣ ጎተራ ማሳለጫ መሃል ቆመ፣ ከኋላው ሲኖትራክ መጣ። አሁን ሌባው ማነው?

ጎበዞቹ እንግሊዞች ደግሞ ሳጥን መግጠም ሰለቻቸው። በ2013 መጨረሻ ኢ-ቱ-ቪ የሚባል ኩባንያ ዉስተርሺር ውስጥ በአንድ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ለቢቢሲ ጋዜጠኛ ትርኢት አሳየ። መኪና እየነዳህ ትመጣለህ፤ ወዲያ ጫፍ የቆመው መኪና የሬዲዮ ሞገድ ይለቅብሃል። የዳሽቦርዱ መብራቶች አንድ ላይ ይበራሉ፣ ቀስቶቹ ያብዳሉ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ግራ ይጋባል፣ ሞተሩ ይጠፋል። የሚደርሰው እስከ 50 ሜትር ነው። እንግዲህ ይህ ነው እውነተኛው የሬዲዮ ማስቆሚያ፤ ካርድ አይሞላለት፣ የምሥጢር ቁጥር የለው።

ዜናውን አንድ የላዳ ሹፌር ሰማና «ይምጣ!» አለ። ልክ ነው፤ ላዳ ሆዬ የሚደናገር ኮምፒውተር የላት። ካርቡሬተርና ካንዴላ ይዛ ነው ዕድሜዋን የገፋችው። ሞገድ ቢለቁባት ጣቢያ የተገኘ መስሏት ዜና ትጀምራለች። ዓለም በሙሉ በሬዲዮ ቢቆም ስታዲየም ዙሪያ የምትንቀሳቀስ አንዲት ሰማያዊና ነጭ መኪና ትኖራለች። ሹፌሩም ዋጋ ይጨምራል።

ከሁሉ የቆየው ደግሞ በ1986 ማሳቹሴትስ ውስጥ የጀመረው ሎጃክ ነው። የሐሳቡ ባለቤት ዊልያም ሬገን የሜድፊልድ ከተማ የፖሊስ ኮሚሽነር የነበረ ሰው ነው። መኪናው ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ ይደበቃል፤ መኪናው ተሰረቀ ሲባል ሬዲዮው ይቀሰቀሳል፣ ፖሊስ መኪና ላይ ያለው መቀበያ ድምፁን እየተከተለ ይሄዳል። አያስቆምም፤ ይጣራል ብቻ። ሞተር የመግደል ምኞት ያልነበረው ትሑት ዕቃ ስለነበር እኔ በበኩሌ እወደዋለሁ። የዛሬው ሳጥን ግን «መኪናዎ ተንቀሳቅሷል» የሚል መልእክት የሚልክልህ መኪናህ ሱሉልታን ካለፈች በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«እሺ፣ ትራክተሮቹስ? እነሱን አልሰማህም?»

ሰማሁ፣ ደስም አለኝ። በ2022 የሩሲያ ወታደሮች ዩክሬን ሜሊቶፖል ከሚገኝ የጆን ዲር ነጋዴ ግቢ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጡ 27 የእርሻ ማሽኖች ወሰዱ። ከፊሎቹ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭነው ቼቺኒያ ድረስ ተጓዙ። ኮምባይነሮቹን አውርደው ሊያስነሱ ሲሉ እምቢ! ከሩቅ ተቆልፈዋል። ሲኤንኤን ይህን ሲዘግብ ዓለም ሁሉ እልል አለ፤ እኔም አንዴ እልል አልኩ። ያንን ሁሉ መንገድ ተጉዘህ ያመጣኸው ኮምባይን አጨዳ ትቶ ጥላ ሆነልህ፤ በል ሥሩ ተቀመጥ!

ሁለተኛ እልል ልል ስል ግን ዞር ብዬ የአሜሪካን ገበሬ አየሁት። እሱም እዚያው ጆን ዲር ፊት ቆሞ አንገቱን ይነቀንቃል። አልሰረቀም፤ በገንዘቡ ገዝቶታል። ግን ትራክተሩ ሲታመም ሙሉ ምርመራ የሚያደርገው ሶፍትዌር በተፈቀደለት ነጋዴ እጅ ነው፤ ገበሬው መፍቻ ይዞ ቢመጣ ትራክተሩ «አንተ ማነህ?» ይለዋል። ዓመታት ተጨቃጨቁ። በ2023 የኮሎራዶ ግዛት ለገበሬዎች የመጠገን መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣ፤ በጥር 2025 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኩባንያውን በዚሁ ጉዳይ ከሰሰው። እንግዲህ ትራክተሩ ሌባን አላውቅም ሲል ያጨበጨብክ ሁሉ፣ ባለቤትንም እንደማያውቅ ስትሰማ እጅህን ወዴት ታደርገዋለህ?

«ሌባ ካልሆንክ ምን ያስፈራሃል?»

ይቺን አባባል የፈጠረ ሰው ብድር ወስዶ አያውቅም። አሜሪካ ውስጥ ይህን ሞተር እንዳይነሳ የሚያደርግ ሳጥን በብዛት የገዛው መኪናው እንዳይሰረቅ የፈራ ሰው እንዳይመስልህ። ዕዳ የሚሰበስብ ነው። ኒውዮርክ ታይምስ በ2014 ሲዘግብ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖች ላይ ተገጥሞ ነበር፤ በተለይ ገቢያቸው አነስተኛ ሆኖ በከፍተኛ ወለድ የተበደሩ ሰዎች መኪና ላይ። ክፍያ ሲዘገይ አበዳሪው ከቢሮው ወንበር ሳይነሳ ይጫናል። ላስ ቬጋስ ውስጥ አንዲት እናት ልጇ ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል ልታደርሳት ስትል መኪናው አልነሳም አላት። መክፈያዋ ያለፈው በጥቂት ቀን ነበር። ሌባ አይደለችም፤ ተበዳሪ ናት። ሳጥኑ ልዩነቱን አያውቅም።

ኦስቲን ቴክሳስ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፣ ወይም ይሻላል፤ እንደ አመልህ ፍረድ። በ2010 አንድ የመኪና ሻጭ ድርጅት ሠራተኛውን አሰናበተ። ልጁ ቤቱ ሄደ፣ የባልደረባውን የይለፍ ቃል ይዞ ገባ፣ ድርጅቱ ደንበኞቹ መኪና ላይ ያስገጠመውን ሥርዓት ከፈተ፣ ከመቶ በላይ መኪና አበላሸ። ገሚሱ ጠዋት አልነሳ አለ፤ ገሚሱ ሌሊት ያለ ማንም ጡሩንባውን ይለቀው ጀመር። መላው ሰፈር ነቃ። ሰዎቹ ምን አድርገው አስቆሙት መሰለህ? ኮፈኑን ከፍተው የባትሪውን ሞርሴቶ ነቀሉ! እንግዲህ እኛ ሰፈር ያሉ አባቶች ቴክኖሎጂ ሳይመጣ ማታ ማታ ሞርሴቶ ነቅለው ኪሳቸው ከትተው የሚገቡትን እንደ ኋላ ቀር እናያቸው ነበር። ቴክሳስ በ2010 ደረሰባቸው።

አዲስ አበባም ይህን ትምህርት ለመቅሰም አልዘገየችም። መኪና የሚያከራዩ ሰዎች ሳጥኑን ቢወዱት እውነት አላቸው፤ ተከራይ ተመሳስሎ መጥቶ፣ መኪናዋን ይዞ ጠፍቶ፣ በሐሰተኛ ውክልና ሸጦ የሚጠፋ አለና። ግን ሥልጣን ያስለምዳል። አከራዩ መጀመሪያ ለሌባ ብሎ አስገጠመው፤ ቀጥሎ ሁለት ቀን ለዘገየ ኪራይ ተጠቀመበት፤ አሁን ደግሞ ስልኩ ላይ ቁጭ ብሎ ነጂውን «ለምንድነው ቡራዩ የሄድከው?» ይለዋል።

«ሰው አድርሼ ነው።»

«ማንን?»

«አክስቴን።»

«አክስትህ እዚያ አርባ ደቂቃ ምን አደረገች?»

«ቡና አፈላችልኝ።»

«ሁለተኛውን ሳትጠጣ ውጣ፤ አጠፋዋለሁ።»

ቶናና ሦስተኛዋ በሪሞት ከተከለከሉ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?

ለመሆኑ ሌባውስ ምን እያደረገ ነው? ቁጭ ብሎ የሚጠብቅህ መሰለህ? ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሬዲዮ ማፈኛ ይዘው የሚሠሩ ሌቦች የታወቁ ናቸው። ትንሿን ዕቃ ያበራታል፣ ሳጥንህ ለሳተላይቱም ለስልክ ማማውም ድምፁ አይሰማም፣ አንተ «አቁም» ትላለህ፣ መኪናው ግን አልሰማም። አንዳንዱ ደግሞ ሞተሯን ጭራሽ አያስነሳትም፤ ጭኖ ይወስዳታል። ያልተነሳን ሞተር እስቲ አጥፋ!

የኛዎቹ ደግሞ መኪናዋን መቼ ፈለጉና? ስፖኪዮውን ነው። ቀይ መብራት ላይ ቆመሃል፣ አንዱ በቀኝ በኩል ሰዓት ይጠይቅሃል፣ በግራ በኩል ስፖኪዮህ ከቦታው ተነቅሎ ይሄዳል። በል እንግዲህ መልእክት ላክለት! «ስፖኪዮ፣ ባለህበት ቁም!» በማግሥቱ ሶማሌ ተራ ወርደህ የራስህን ስፖኪዮ በራስህ ብር ትገዛለህ፤ ነጋዴውም «ለርስዎ መኪና የተሠራ ነው የሚመስለው» ይልሃል። ለዚህ ነው ሰዉ የታርጋ ቁጥሩን መስተዋቱ ላይ የሚያስቀርጸው። ፍሬቻው ላይ፣ መብራቱ ላይ፣ ስፖኪዮው ላይ በመቅረጫ ማሽን ታርጋህ ይጻፋል፤ ያ ዕቃ ከዚያ በኋላ ሲሸጥ ያሳፍራል። ሲም የለው፣ ካርድ የለው፣ ሰርጎ ገብ አይገባበት። እስካሁን ካየሁት ፀረ ሌባ ሁሉ ሥራውን ሳያወራ የሚሠራው እሱ ነው።

«የድሮ ሰው ነህ፤ አሁን እኮ አዲሶቹ መኪኖች ሳጥኑን ይዘው ነው የሚወለዱት።»

እሱማ ነው የሚያሳስበኝ። በ2015 ቻርሊ ሚለርና ክሪስ ቫላሴክ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሴንት ሉዊስ አውራ ጎዳና ላይ በሚበር ጂፕ ቼሮኪ ውስጥ አንድ የዋየርድ መጽሔት ጋዜጠኛ አስቀምጠው፣ ራሳቸው ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ገቡበት። መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን ለቀቁበት፣ ቀጥሎ ሬዲዮውን አስጮኹበት፣ በመጨረሻ ጉልበት ወደ ጎማው እንዳይሄድ አደረጉበት። ከኋላው ከባድ መኪና እየመጣ ጂፑ ዳገት ላይ ዘገመ። ምንም ሳጥን አልገጠሙበትም፤ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት በመጣው የኢንተርኔት መስመር ነው የገቡት። ክራይስለር 1.4 ሚሊዮን መኪና ጠራ፤ ለባለቤቶቹም ማስተካከያውን በፍላሽ ዲስክ በፖስታ ላከላቸው። መኪናቸው በኢንተርኔት ታሞ መድኃኒቱ በፖስታ ቤት መጣ።

በ2025 የኦስሎ ትራንስፖርት ድርጅት ሩተር አንድ የቻይና ዩቶንግ ኤሌክትሪክ አውቶቡስ ይዞ ተራራ ሆድ ውስጥ ወዳለ የድንጋይ ዋሻ ገባ፤ ምንም ሬዲዮ እንዳይደርሰው። እዚያ ፈታትቶ ሲያየው አምራቹ ለሶፍትዌር ማሻሻያና ለምርመራ ከሩቅ የሚገባበት መስመር አለው፤ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ሊያስቆመውም ይችላል ተባለ። በሩን ሲፈልጉ የሩማኒያ ሲም ካርድ ተገኘ። ሲሙን ብታወጣው ግንኙነቱ ይቋረጣል። ኖርዌይን የሚያህል አገር ተራራ ውስጥ ገብታ ያገኘችው መልስ «ሲሙን አውጡት» ነው። እኛ ኔትወርክ ሲጠፋብን ከድሮም የምናደርገውን።

እኛ ደግሞ ከ2024 ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከልክለን ፊታችንን ወደ ኤሌክትሪኩ አዙረናል፤ ሰፈሩ ሁሉ ቻይንኛ በሚያወራ ስክሪን ተሞልቷል። ጎረቤቴ አንዱን ገዝቷል። ባለፈው አጥሩ ላይ ተደግፌ ሳየው ስክሪኑ ላይ ትልቅ ጽሑፍ መጣ፤ ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ግራጫ።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ማሻሻያ ይሆናላ።»

«ከየት አወቅህ?»

«ሰማያዊውን ስጫን ይሄዳል።»

«‹ካሁን በኋላ እኛ ነን የምናጠፋልህ› እያለህ ቢሆንስ?»

«ጋሼ ደግሞ! ሦስቴ እሺ ብዬዋለሁ እኮ፤ እስካሁን ምንም አላደረገኝም።»